አንድ የኢንተርኔት መስመር ለሁለት ኮምፒዩተር

ንግድ በመገናኛ የሚኖር ሥራ ነው። የሸቀጥ ዋጋ በጊዜው ያልደረሰው አስመጪ፣ የገዢውን ትእዛዝ በሰዓቱ ያላነበበ ላኪ፣ ሒሳቡን በወቅቱ ያላስታወቀ ባለሱቅ፣ ዕቃው መልካም ቢሆንም እንኳ ከገበያ ወደ ኋላ መቅረቱ አይቀርም። ይህ እውነት በስልክ ዘመን የታወቀ ነበር፤ በዛሬው የኢንተርኔት ዘመን ደግሞ ይበልጥ ጸንቶ ይታያል።

በሀገራችን የስልክ ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ይቈጠራል፤ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት ዋለ። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በይፋ ስለ ጀመረ፣ ነጋዴው ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሁለተኛ አማራጭ አገኘ።

የመንግሥት ሥራም ወደዚሁ መንገድ ገብቷል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አስመጪና ላኪ የፈቃድና የጉምሩክ ሰነዱን በኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አማካይነት ሲያቀርብ ቈይቷል። በዚያው ዓመት የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚደረግ መልእክትና ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ ኢንተርኔት ለነጋዴ ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ፣ እንደ ሚዛንና እንደ ሒሳብ መዝገብ ያለ የሥራ መሣሪያ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ብዙው ነጋዴ ሥራውን የሚሠራው በትልቅ ሕንፃ ውስጥ ሳይሆን በመኖሪያ ቤቱ ነው። ቀን በሱቅ የዋለው ባለሱቅ ማታ ቤቱ ገብቶ ሒሳቡን ያያል፤ ላኪውም ከባሕር ማዶ ደንበኛው ጋር የሚነጋገረው ከራት በፊት ወይም ከራት በኋላ ነው። በቤት ውስጥ አንድ መስመር አለ፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ነው፤ አንዱ በጠረጴዛ ላይ የተተከለ፣ ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ ላፕቶፕ። ይህን አንድ መስመር ለሁለቱ እንዴት ማካፈል ይቻላል? የሚለው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም፣ የነጋዴውን ትርፍና የቤቱን ሰላም የሚነካ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ እንመረምረዋለን።

በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የዊንጌትን ሠፈር እንመልከት። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተከፈተውና በጄኔራል ዊንጌት ስም ከተሰየመው ትምህርት ቤት ነው፤ ይህ ትምህርት ቤት ዛሬ የሙያና የቴክኒክ ማሠልጠኛ ነው። የሀገር ልብስ ሸማኔዎችና ሻጮች የሚገኙበት ሽሮ ሜዳም በዚሁ በጉለሌ ነው። እንግዲህ ለነገሩ መግለጫ ይሆን ዘንድ፣ በዊንጌት የሚኖር፣ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥበብና ነጠላ እየገዛ በዋሽንግተን ላሉ ወገኖቻችን የሚልክ አንድ ነጋዴ እናስብ።

የዚህ ነጋዴ ባለቤት የቤቱን ሒሳብ የምትይዘው በጠረጴዛው ኮምፒዩተር ነው፤ ልጁ ደግሞ ላፕቶፕ ይዛ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ትከታተላለች። በዋሽንግተን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ 11 ወይም 12 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ገዢዋ ሱቋን ከፍታ «የፋሲካውን ልብስ ጥለት አሳዩኝ» የምትልበት ሰዓት፣ ልጅቱ ለትምህርቷ፣ እናቲቱ ለሒሳቧ መስመሩን የሚፈልጉበት ሰዓት ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሻሙታል። ሥዕሉ ሳይደርስ ቢያመሽ ገዢዋ ትእዛዟን ለሌላ ትሰጣለች፤ የፋሲካ ልብስ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ቢደርስ ገዢ የለውም።

መስመሩ ምን ያህል ይሸከማል?

ከሁሉ አስቀድሞ የመስመሩን ዐቅም ማወቅ ይገባል። የመስመር ፍጥነት የሚነገረው በሜጋ ቢት ነው፤ የፋይል ክብደት ግን የሚለካው በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ 4 ሜጋ ቢት የተባለ መስመር በሴኮንድ የሚያመጣው ከግማሽ ሜጋ ባይት አይበልጥም። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው፣ የተዋዋለውን እያገኘ እንኳ የተታለለ ይመስለዋል።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር፣ የሚመጣውና የሚሄደው መንገድ ስፋቱ ሁልጊዜ እኩል አለመሆኑ ነው። በተለይ በመዳብ የስልክ ሽቦ በሚሰጠው ብሮድባንድ፣ ወደ ቤት የሚገባው መንገድ ሰፊ ሲሆን ከቤት የሚወጣው ጠባብ ነው። ቴሌቪዥንና ዜና ለሚያይ ሰው ይህ አይጎዳውም፤ ሥዕልና ሰነድ ለሚልክ ነጋዴ ግን ዋናው መንገድ የሚወጣው ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ነጋዴው እያንዳንዱ 4 ሜጋ ባይት የሆነ 40 የጥለት ፎቶግራፍ ቢልክ፣ ድምሩ 160 ሜጋ ባይት፣ ይኸውም 1,280 ሜጋ ቢት ይሆናል። የሚወጣው መንገድ 1 ሜጋ ቢት ከሆነ፣ ብቻውን ቢጠቀምበት 21 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ሌላው ኮምፒዩተር እኩሌታውን ከወሰደበት ግን ወደ 43 ደቂቃ ይደርሳል። የፎቶግራፉን መጠን አሳንሶ እያንዳንዱን ወደ ግማሽ ሜጋ ባይት ቢያወርደው ደግሞ ሁሉም ከ3 ደቂቃ በታች ያልቃል። ስለዚህ ትልቅ መስመር ከመግዛት በፊት ጭነትን ማቅለል ይቀድማል።

ሦስተኛም ነገር አለ። በኢንተርኔት ለሚመጣው ለአብዛኛው ዕቃ ተቀባዩ ኮምፒዩተር የ«ደረሰኝ» ምልክት መልሶ ይልካል፤ ላኪውም ደረሰኙን ካላየ የሚቀጥለውን ጭነት ያዘገያል። የሚወጣው መንገድ በአንዱ ኮምፒዩተር ሥዕሎች ከተጨናነቀ፣ የሌላው ኮምፒዩተር ደረሰኞች በሰልፉ ውስጥ ይቈያሉ። «እኔ አንዳች ሳልልክ፣ የማነበው ገጽ ለምን ዘገየብኝ?» የሚለው የቤተ ሰብ አቤቱታ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

አንድ አድራሻ እንዴት ለሁለት ይሆናል?

አንባቢ ነገሩን በፖስታ ሣጥን ምሳሌ ይረዳው። አንድ የንግድ ቤት ዐሥር ሠራተኞች ቢኖሩትም፣ በፖስታ ቤት ያለው የሣጥን ቁጥር አንድ ነው። ደብዳቤው ሁሉ በዚያ ቁጥር ይመጣል፤ ጸሐፊው ከሣጥኑ አውጥቶ፣ ይህ ለሒሳብ ሹሙ ነው፣ ይህ ለመጋዘን ኀላፊው ነው እያለ ለየጠረጴዛው ያድላል። የሚወጣውንም ደብዳቤ ከማን እንደ ሆነ በመዝገብ ጽፎ ይልካል፤ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ይሰጣል።

ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት የአድራሻ ሥርዓት 4.3 ቢሊዮን ያህል ቁጥሮች ብቻ ያሉት ስለሆነ፣ በዓለም ላይ ላለ መሣሪያ ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1996 በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ብቻ የሚሠራባቸው የግል አድራሻዎች ተለይተው ተደነገጉ፤ በ192.168 የሚጀምሩት ቁጥሮች ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከውጭ የሚታየው አድራሻ አንድ ሲሆን፣ በቤት ውስጥ ያሉት ሁለት ኮምፒዩተሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የግል ቁጥር አላቸው። የጸሐፊውን ሥራ የሚሠራው መሣሪያ ራውተር ይባላል።

የማካፈያ መንገዶች

አንደኛው መንገድ የጠረጴዛውን ኮምፒዩተር ራሱን አካፋይ ማድረግ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1999 ካወጣው ከዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም ጀምሮ፣ ይህን ሥራ የሚሠራ ክፍል በዊንዶውስ ውስጥ ይገኛል። መስመሩ በአንድ በኩል ወደ ጠረጴዛው ኮምፒዩተር ይገባል፤ ኮምፒዩተሩም በሁለተኛ ኬብል ወይም በዋይፋይ ለላፕቶፑ ያካፍላል። የዚህ መንገድ ጥቅሙ አዲስ ዕቃ ሳይገዛ መሠራቱ ነው። ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ ይበልጣል፤ ላፕቶፑ ኢንተርኔት እንዲያገኝ የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ሁልጊዜ መብራት አለበት፤ ሒሳብ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ቢበላሽ ወይም ዳግም ቢነሣ የሁሉም መስመር ይቋረጣል። መብራት በጠፋ ጊዜም፣ ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ እያለው ያለ ኢንተርኔት ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ ራውተር ማቆም ነው፤ ለነጋዴ የሚመከረውም ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ የቴሌ ሠራተኞች መስመሩን ሲያስገቡ የሚተክሉት ሣጥን ራሱ ሞደምም ራውተርም ሆኖ ይገኛል፤ በጀርባው የኬብል ቀዳዳዎች አሉት፤ ዋይፋይም ይሰጣል። እንግዲያው ሌላ ራውተር ከመግዛት በፊት የተተከለውን ሣጥን አገላብጦ ማየት ገንዘብ ያድናል። ራውተሩ የሚፈጀው የኤሌክትሪክ ኀይል ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው መንገድ የእጅ ስልክን አካፋይ ማድረግ ነው። ስልኩ የሞባይል ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ወይም በገመድ ለሁለቱም ኮምፒዩተሮች ሊሰጥ ይችላል። ይህን የዕለት ተዕለት መንገድ ማድረግ የጥቅል ገንዘብ ስለሚያስወጣ፣ የቤቱ መስመር በተቋረጠ ጊዜ እንደ ተጠባባቂ መያዙ ይሻላል። የቤቱ መስመር ከአንዱ ድርጅት፣ የስልኩ ከሌላው ድርጅት ቢሆን ደግሞ፣ አንዱ ቢጠፋ ሁለተኛው ይገኛልና ሥራ አይቆምም።

ስለ አተካከል

የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ከቦታው አይነሣምና ከራውተሩ ጋር በኬብል ቢገናኝ መልካም ነው። ተራው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ እክል ይሠራል፤ ለአንድ ግቢ ከበቂ በላይ ነው። ላፕቶፑ ግን ከክፍል ወደ ክፍል ስለሚዘዋወር በዋይፋይ ይሥራ።

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ ግድግዳ ያደክመዋል። በዊንጌትና በአካባቢው ባሉ ብዙ ግቢዎች እንደሚታየው፣ ዋናው ቤት ከፊት፣ የሰርቪስ ክፍሎች ከኋላ ሲሆኑ፣ በመካከሉ ያለው የቆርቆሮ አጥር ወይም ግድግዳ ሞገዱን ወደ መጣበት ይመልሰዋል፤ ብረት ያለበት ኮንክሪትም ያዳክመዋል። ስለዚህ ራውተሩን በብረት ሣጥን ወይም በቴሌቪዥን ጀርባ መደበቅ አይገባም፤ ከፍ ባለና በቤቱ መካከል ባለ ቦታ ይቀመጥ። ራውተሩ ሁለት የሞገድ ዐይነት ካለው፣ 2.4 ጊጋ ኸርዝ የተባለው ርቆ ይሄዳል፤ 5 ጊጋ ኸርዝ የተባለው በቅርብ ላለ ሰው ፈጣን ነው። የኋላው ክፍል አልደርስ ካለ፣ ፍጥነት የሚጨምር መስመር ከመዋዋል ይልቅ አንድ ኬብል ወደዚያ መሳብ ይረክሳል።

መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ ራውተሩንና ሞደሙን ለተወሰነ ሰዓት የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ ቢገዛላቸው፣ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ስለሚሠራ፣ ነጋዴው የጀመረውን መልእክት ሳይጨርስ አይቀርም።

የቤት ሥርዓት

መሣሪያው ምንም ቢሟላ፣ ሥርዓት የሌለበት ቤት መስመሩ አይበቃውም። ዊንዶውስ ራሱን የሚያድስበት ፋይል፣ ወደ ውጭ የሚቀመጥ የሒሳብ ቅጂና የስልኮች ፎቶግራፍ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ መስመሩን ሊያጨናንቁ ይችላሉ። ለእነዚህ ቤተ ሰቡ የሚተኛበት ሰዓት ቢመደብላቸው ቀኑ ነጻ ይሆናል። አንዳንድ ራውተሮችም ለአንዱ ኮምፒዩተር ቅድሚያ የሚሰጥ፣ ወይም ለእያንዳንዱ የፍጥነት ወሰን የሚያበጅ ክፍል አላቸው፤ የሚወጣውን መንገድ አንዱ ብቻውን እንዳይወስደው ወሰን ማበጀት ከላይ የተነገረውን የደረሰኝ መዘግየት ያቃልላል።

ከዚህ በላይ ግን የቤቱ ስምምነት ይበልጣል። የልጅቱ ትምህርት ከአባቷ ንግድ የሚያንስ ጉዳይ አይደለም፤ ለነገው ንግድ የሚቀመጥ መዋዕለ ንዋይ ነውና። የምሳሌያችን ነጋዴ ፎቶግራፉን አሳንሶ ከሰዓት በፊት ልኮ ቢጨርስ፣ ማታ ከገዢዋ ጋር በምስል የሚነጋገርበትን ግማሽ ሰዓት ለቤተ ሰቡ አስቀድሞ ቢያስታውቅ፣ ልጅቱም ከባድ የትምህርት ፋይሎቿን ሌሊት ብታወርድ፣ ያው አንዱ መስመር ለሁሉም ይበቃል።

ሁለቱ ኮምፒዩተሮች በአንድ ራውተር ሥር መሆናቸው ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ማተሚያ ለሁለቱ ያገለግላል፤ የሒሳቡም ፋይል በጠረጴዛው ኮምፒዩተር ላይ እንዳለ ቅጂው በላፕቶፑ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ከሁለቱ አንዱ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል፣ የዓመት ሒሳብ አብሮ አይጠፋም።

ጥንቃቄና ሕግ

በር ያልተቈለፈበት መጋዘን ለባለቤቱ እንደማይሆን ሁሉ፣ ቁልፍ የሌለው ዋይፋይም የባለቤቱ አይደለም። የይለፍ ቃሉን ለጎረቤት፣ ለእንግዳና ለሠራተኛ ሁሉ ያደለ ነጋዴ፣ ሒሳቡና የደንበኞቹ አድራሻ ወዳለበት ኮምፒዩተር የሚያደርሰውን መንገድ ከፍቶ ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ፦

1ኛ/ ራውተሩ ከፋብሪካ የመጣበትን የመቈጣጠሪያ የይለፍ ቃል መለወጥ፤

2ኛ/ የዋይፋዩን ጥበቃ ቢያንስ ደብልዩ ፒ ኤ 2 በተባለው፣ ከተቻለም ደብልዩ ፒ ኤ 3 በተባለው ሥርዓት ማድረግ፤ ደብልዩ ኢ ፒ የተባለው የቀድሞው ሥርዓት በቀላሉ የሚሰበር ስለሆነ አለመጠቀም፤

3ኛ/ ራውተሩ የእንግዳ መስመር ካለው፣ እንግዶችን በዚያ ብቻ ማስተናገድ፤

4ኛ/ ሥራ የለቀቀ ሰው የሚያውቀውን የይለፍ ቃል በዚያው ቀን መለወጥ ይገባል።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። የቤቱን መስመር ለቤተ ሰብ ማካፈል አንድ ነገር ነው፤ በአጥር ላይ ገመድ አሳልፎ ለሠፈሩ በወር ክፍያ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 አገልግሎቱን ለሕዝብ ለመስጠት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲያዝ ያዛል። ከጎረቤት የሚሰበሰበው ጥቂት ብር የንግድ ስምን ለክስ ማጋለጥ የለበትም፤ በውሉ ላይ የተጻፈውንም ማንበብ ከማንኛውም ደንበኛ ይጠበቃል።

እንግዲህ አዲስ መስመር ለመዋዋል ወይም ፍጥነት ለመጨመር ያሰበ ነጋዴ፣ ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ከመሄዱ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ይጻፍ፤ በቀን ምን ያህል እንደሚልክና እንደሚቀበል፣ የሚወጣው መንገድ ፍጥነቱ ስንት እንደ ሆነ፣ መስመሩ በስንት ሰዓት እንደሚጨናነቅ። ፍጥነቱን አንድ ጊዜ ጧት፣ አንድ ጊዜ ማታ፣ በኬብል በተያያዘው ኮምፒዩተር ላይ ሌላውን አጥፍቶ ይለካ። ውጤቱ በኬብል መልካም ሆኖ በዋይፋይ ደካማ ከሆነ፣ ችግሩ ከቤቱ ግድግዳ ነው፤ በኬብልም ደካማ ከሆነ፣ ችግሩ ከመስመሩ ነውና ለድርጅቱ ማስታወቅ ይገባል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ነጋዴ ለማያስፈልገው ነገር አይከፍልም፤ ለሚያስፈልገውም ሲከፍል ስለ ምን እንደሚከፍል ያውቃል።